ከፊቱ በፊት ጀርባውን፦ የ1970ዎቹን የግላም ሮክ ማስታወቂያ እንዴት እንመርምር፣ እንዴትስ ጠብቀን እናቆይ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ነጠላ ዜማ መውጣቱን ለማወቅ ብዙ አማራጭ አልነበረም። በአገር አቀፍ ደረጃ ፖፕ የሚያሰማው የቢቢሲው ሬዲዮ 1 ብቻ ነው። ማታ ማታ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ከውጭ ይገባል። ቴሌቪዥን ላይ «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» በሳምንት አንድ ቀን ይቀርባል። የቀረውን ሥራ የሚሸፍኑት ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጦች ነበሩ፦ ሜሎዲ ሜከር፣ ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ፣ ሳውንድስ፣ ዲስክ እና ሬኮርድ ሚረር። የሸክላ ኩባንያዎች ከእነዚህ ጋዜጦች ገጽ ይገዛሉ። የዘፋኙን ፎቶ፣ የዘፈኑን ስምና የሸክላውን ቁጥር ያወጡበታል።

ግላም ሮክ ለእንዲህ ዓይነት ገጽ የተመቸ ሙዚቃ ነበር። የቲ ሬክስ ቡድን ዘፋኝ ማርክ ቦላን በማርች 1971 «ሆት ላቭ»ን ቴሌቪዥን ላይ ሲዘፍን ፊቱ ላይ ብልጭልጭ ተቀብቶ ቀረበ። ዴቪድ ቦዊ፣ ሮክሲ ሚዩዚክ፣ ስዊት፣ ስሌድ፣ ሱዚ ኳትሮ፣ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ገቡበት። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ፣ የሚያንጸባርቅ ልብስ፣ የተኳለ ዓይን የዘመኑ መልክ ሆነ። ፎቶው ከዘፈኑ እኩል ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያዎቹ ዛሬም ተፈላጊ የሆኑት ለዚህ ነው።

ችግሩ ገጾቹ የታተሙት ለአንድ ሳምንት ተብለው መሆኑ ነው። ተነበው ይጣላሉ። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ ከጋዜጣቸው ተቀደው የወጡ ነጠላ ገጾች ናቸው። ቀን የላቸውም፤ የጋዜጣው ስምም አንዳንዴ የለም። ሻጩ «ኦሪጅናል፣ 1972» ብሎ ይለጥፍበታል። እውነት ይሁን አይሁን ማጣራቱ የገዢው ሥራ ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ገጽ እጁ ለገባ ወይም ሊገዛ ላሰበ ሰው ነው።

በዚህ መመሪያ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። 1972 ስል በእኛ 1964 እና 1965 ላይ የሚያርፈውን ዓመት ማለቴ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ለስላሳ እርሳስ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ካርቶን፣ ሱቆች ብር ለመፈተሽ የሚጠቀሙባት ዓይነት አልትራቫዮሌት መብራት። እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቅ። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የጋዜጣ ቀለም ከሃምሳ ዓመት በኋላም በእጅ ላብ ሊለቅ ይችላል።

1. መጀመሪያ ገልብጡት

ሁሉም ሰው የቦላንን ፀጉር ወይም የቦዊን ዓይን ያያል። እናንተ ገልብጡትና ጀርባውን አንብቡ። ማስታወቂያው ራሱ ስለ ቀኑ ብዙም አይናገርም። «አሁን ወጥቷል» ይላል፤ መቼ እንደሆነ አይልም። ጀርባው ግን በዚያ ሳምንት ዜና፣ በኮንሰርት መርሐ ግብር፣ በአንባቢ ደብዳቤ፣ በዕቃ ሽያጭ የተሞላ ነው። ፊቱን አስመስሎ ለማተም የሚደክም ሰው ለጀርባው ያን ያህል አይደክምም።

ከላይና ከታች ጠርዙን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና የገጹ ቁጥር በትንሽ ፊደል እዚያ ይኖራል። ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳምንታዊዎቹ የሚይዙት ቀን የቅዳሜ ነው፤ ጋዜጣው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ለገበያ ይቀርባል። ስለዚህ «ጁላይ 8፣ 1972» የሚል ገጽ ጁላይ 8 ከመድረሱ በፊት ሰው እጅ ገብቷል።

ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ ወደ ኮንሰርት ዝርዝሩ ሂዱ። የክበቦችና የአዳራሾች ማስታወቂያ ዓመት አይጽፍም፤ ዕለቱንና ቀኑን ግን ይጽፋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። «ዓርብ፣ ጁላይ 14» የሚል መስመር አገኛችሁ እንበል። ጁላይ 14 ዓርብ የዋለው በ1967፣ በ1972 እና በ1978 ነው። ከእነዚህ ውስጥ በግላም ዘመን የሚወድቀው 1972 ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካላንደር ይህን ወዲያው ይነግራችኋል። አንድ ዕለት በስህተት ሊታተም ስለሚችል ሁለት ሦስት መስመር አመሳክሩ።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ዋጋው በሺሊንግና በድሮው ፔኒ ብቻ ከሆነ ገጹ ከፌብሩዋሪ 15፣ 1971 በፊት የታተመ ነው ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝ ገንዘቧን ወደ አሥርዮሽ የቀየረችው በዚያ ዕለት ነው። በዕቃ ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ቫት» የሚል ካያችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ወደ 1973 አዙሩ፤ ቫት እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 1፣ 1973 ነው። ሬይንቦው ቲያትር የሚባለው የለንደን አዳራሽ ካለ ገጹ የ1971 መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። አዳራሹ በዚህ ስም የተከፈተው በኖቬምበር 1971 ነው፤ ቀደም ሲል ለብዙ ዓመታት አስቶሪያ ይባል ነበር። የለንደን ስልክ በ01 መጀመር አለበት። በ071 ወይም በ020 የሚጀምር የለንደን ቁጥር ካያችሁ የ1970ዎቹ ገጽ አልያዛችሁም።

2. አሁን ፊቱን አንብቡ

በማስታወቂያው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፤ የዘፈኑን ስም፣ የኩባንያውን ዓርማ፣ የሸክላውን መለያ ቁጥር። ቁጥሩ የሚጻፈው ገዢው ሱቅ ሄዶ እንዲያዝበት ነው። ለእኛ ደግሞ ዋናው ፍንጭ እሱ ነው።

ቲ ሬክስን እንውሰድ። «ራይድ ኤ ዋይት ስዋን» በኦክቶበር 1970 ሲወጣ ኩባንያው ፍላይ ነበር፤ ቁጥሩም ባግ (BUG) 1። «ሆት ላቭ» ባግ 6 ነው፣ «ጌት ኢት ኦን» ባግ 10፣ «ጂፕስተር» ባግ 16። በጃንዋሪ 1972 «ቴሌግራም ሳም» ሲወጣ ግን ቦላን ኢኤምአይ በሚባለው የሸክላ ኩባንያ ሥር የራሱን ዓርማ ይዞ መጥቷል። «ሜታል ጉሩ» ማርክ (MARC) 1 ተባለ፣ «ቺልድረን ኦቭ ዘ ሬቮሉሽን» ማርክ 2፣ «ሶሊድ ጎልድ ኢዚ አክሽን» ማርክ 3፣ በማርች 1973 የወጣው «ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ቦይ» ማርክ 4። ዓርማውን ብቻ አይታችሁ ገጹን ከሁለቱ ዘመን በአንዱ ታስቀምጡታላችሁ።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ቦላን ከፍላይ ከወጣ በኋላ ኩባንያው የቆዩ ቅጂዎችን ማውጣት አላቆመም። «ዴቦራ» የተቀዳው በ1968 ነው፤ ቡድኑ ያኔ ቲራኖሶረስ ሬክስ ይባል ነበር። በ1972 ድጋሚ ወጥቶ እንግሊዝ ውስጥ 7ኛ ደረጃ ደረሰ። የቦዊ «ዘ ላፊንግ ኖም»ም እንዲሁ። የ1967 ዘፈን ነው። ቦዊ ዝነኛ ሲሆን የድሮ ኩባንያው ዴራም በ1973 መልሶ አወጣው፤ 6ኛ ደረጃ ያዘ። የዘፈኑን ዓመት ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ማስታወቂያውን «1967» ብላችሁ ብትመዘግቡ በስድስት ዓመት ተሳሳታችሁ። ዘፈኑ የተቀዳበትን ሳይሆን ሸክላው የወጣበትን ቀን ፈልጉ።

ቁጥሩንም ቢሆን እንደ ቀን መቁጠሪያ አትውሰዱት። የቦዊና የስዊት ኩባንያ የነበረው የአርሲኤ ቁጥሮች ይህን በደንብ ያሳያሉ። የቦዊ «ስታርማን» 2199 ነው፣ ኤፕሪል 1972። «ጆን፣ አይም ኦንሊ ዳንሲንግ» 2263፣ ሴፕቴምበር 1972። «ዘ ጂን ጂኒ» 2302፣ ኖቬምበር 1972። የስዊት «ብሎክ በስተር» 2305፣ ጃንዋሪ 1973። እስከዚህ ድረስ ቅደም ተከተሉ ያምራል። ከዚያ የቦዊ «ድራይቭ ኢን ሳተርዴይ» 2352 ሆኖ በኤፕሪል 1973 ይወጣል፤ «ላይፍ ኦን ማርስ» ደግሞ 2316 ቁጥር ይዞ በጁን 1973 ይከተላል። ትንሹ ቁጥር ዘግይቶ መጣ። ቁጥሩ አካባቢውን ይነግራችኋል፤ ቀኑን የሚነግራችሁ ጀርባው ነው።

የዘፈኑ ስምና የኩባንያው ስም አገሩንም ይለያሉ። «ጌት ኢት ኦን» አሜሪካ ሲገባ ቼዝ የሚባል ቡድን በዚያው ስም ዘፈን ስለነበረው «ባንግ ኤ ጎንግ» የሚል ተጨመረበት፤ ኩባንያውም ሪፕራይዝ ነው። ስዊት እንግሊዝ ውስጥ በአርሲኤ ሲያሳትም «ሊትል ዊሊ» አሜሪካ የወጣው በቤል ነው። «ዘ ቦልሩም ብሊትዝ» እንግሊዝ ውስጥ የሴፕቴምበር 1973 ሸክላ ነው። በካፒቶል ዓርማ ካያችሁት ግን የአሜሪካ ነው፤ ዓመቱም 1975።

3. ለማን ነው የተጻፈው?

ሁሉም ማስታወቂያ ለአድማጭ አይደለም። ሚዩዚክ ዊክ እንግሊዝ ውስጥ ለሸክላ ሱቆችና ለነጋዴዎች የሚታተም ነበር፤ እስከ 1972 ድረስ ሬኮርድ ሪቴይለር ይባል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ቢልቦርድ፣ ካሽ ቦክስ እና ሬኮርድ ወርልድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ ነበር። እነዚህ ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ ለሱቁ ባለቤት ወይም ለሬዲዮ ሰው ያወራል። «ቶሎ እዘዙ»፣ «ይህን ያህል ጣቢያ እያጫወተው ነው»፣ «ደረጃው ከዚህ ወደዚህ ዘለለ» ዓይነት ቋንቋ አለው። ለአድማጩ የሚጻፈው ደግሞ ፎቶውን ያገንናል፣ የኮንሰርት ጉዞውን ከተማ በከተማ ይዘረዝራል።

ይህን መለየት ዋጋ አለው። የንግድ መጽሔቶቹ ወረቀት ብዙ ጊዜ የተሻለና አንጸባራቂ ነው። ለአድማጩ የሚወጡት ጋዜጦች ግን በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ታትመዋል። አጠባበቃቸው ይለያያል። በእኔ ግምት ከሁለቱ የሚበልጠው የአድማጩ ገጽ ነው፤ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ባጠራቀመው የኪስ ገንዘብ የሚገዛውን ሸክላ የወሰነበት ወረቀት እሱ ነው።

4. ሳምንቱን ለዩ

ዓመቱን ማወቅ አይበቃም። ለግላም ነጠላ ዜማ ሁለት ወር ትልቅ ልዩነት ነው። «ስታርማን»ን ብቻ እንይ። ኤፕሪል 28፣ 1972 ወጣ። ቶሎ አልተነሳም። በጁን «ዚጊ ስታርደስት» የተባለው አልበም ተከተለው። ጁላይ 6 ቦዊ በ«ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ቀርቦ ክንዱን ጊታሪስቱ ሚክ ሮንሰን ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ዘፈነው። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ወጥቶ 10ኛ ደረጃ ደረሰ። ስለዚህ የኤፕሪል መጨረሻ ማስታወቂያ ብዙ ሰው ገና ልብ ያላለው ዘፋኝ ማስታወቂያ ነው። የጁላይ ማስታወቂያ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚያወራለት ሰው ነው። ዘፈኑ አንድ ነው፤ ሰነዶቹ ግን የተለያየ ታሪክ ይናገራሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሸክላው የወጣበትን ቀን 45ካት ወይም ዲስኮግስ በሚባሉት የሸክላ ዝርዝር ድረ ገጾች ላይ ፈልጉ። ቀጥሎ የእንግሊዝ ኦፊሻል ቻርትስ ድረ ገጽ ላይ ዘፈኑ በየሳምንቱ የያዘውን ደረጃ እዩ። ማስታወቂያው ደረጃ ከጠቀሰ አመሳክሩት። ነገር ግን ሜሎዲ ሜከርና ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ የራሳቸው የደረጃ ሰንጠረዥ ነበራቸው፤ የቢቢሲው ሌላ ነው። አንድ ሁለት ደረጃ ቢለያይ ገጹን ሐሰተኛ አትበሉት።

ከዚያ ጋዜጣውን ራሱን ፈልጉ። ወርልድ ራዲዮ ሂስትሪ የሚባለው ድረ ገጽ ብዙ የሜሎዲ ሜከርና የሌሎች ሙሉ እትሞችን በነፃ አስቀምጧል። የቢልቦርድ የድሮ እትሞች ጉግል ቡክስ ላይ ይገኛሉ። ለንደን የምትኖሩ ደግሞ ሴንት ፓንክራስ ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ የጋዜጣ ንባብ ክፍል አለላችሁ። የአንባቢ መታወቂያው በነፃ ነው። ጋዜጦቹ በአብዛኛው ዮርክሸር፣ ቦስተን ስፓ ስለሚቀመጡ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሙሉ እትሙን ስታገኙ ፊቱን ብቻ አታመሳክሩ። ጀርባውም መግጠም አለበት። አንድ ማስታወቂያ በአንድ ሳምንት በሁለት ሦስት ጋዜጣ ሊወጣ ይችላል፤ የቱ ጋዜጣ እንደሆነ የሚወስነው ያው ጀርባው ነው።

5. እውነተኛ መሆኑን አጣሩ

አጉሊ መነጽሩን ፎቶው ላይ አድርጉ። በዘመኑ ጋዜጣ ላይ የታተመ ፎቶ በረድፍ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ስብስብ ነው። ጥቁር ቦታ ላይ ነጠብጣቡ ይወፍራል፣ ነጣ ያለ ቦታ ላይ ይቀጥናል፤ ረድፉ ግን አይዛባም። የቤት ፕሪንተር የሚረጨው ቀለም ግን የተበታተነ ነው፤ ረድፍ የለውም።

ቀጥሎ ፊደሎቹን እዩ። ይህ ከሁሉም የሚያስተማምን ፈተና ነው። በእውነተኛው ገጽ ላይ ፊደል ሙሉ ጥቁር ነው፤ ነጠብጣብ ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ስካን ተደርጎ እንደገና የታተመ ከሆነ ግን ፊደሉም በነጠብጣብ የተሠራ ይሆናል፣ ጠርዙም ይሻክራል። ፎቶው ላይ ደግሞ የድሮው ረድፍና የአዲሱ ተደራርበው ሞገድ የመሰለ መስመር ይፈጥራሉ። እሱን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

ክፍሉን አጨልማችሁ አልትራቫዮሌቱን ለጥቂት ሰከንድ አብሩበት። ብዙ ዘመናዊ ነጭ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ደማቅ ሰማያዊ ያበራል። የድሮ ጋዜጣ ወረቀት ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ደብዛዛ መሆኑ ብቻውን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ደምቆ ማብራቱ ግን ትልቅ የጥርጣሬ ምክንያት ነው።

ቢጫነቱንም እዩ። የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው ከተፈጨ እንጨት ነው። ውስጡ የቀረው ሊግኒን የሚባል ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ አሲድም እየፈጠረ ወረቀቱን ያደርቀዋል። ስለዚህ እውነተኛ እርጅና ከጠርዝ ይጀምራል፤ መሃሉ ነጣ ብሎ ይቀራል፣ ዳሩ ይጠቁራል። በሻይ ተነክሮ ያረጀ መስሎ የተሠራ ወረቀት ግን ዳርና መሃሉ እኩል ነው። እጥፋት ላይም ይታወቃል፤ ሻይው እጥፋቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

6. ገና ካልገዛችሁ

ሻጩን አራት ነገር ጠይቁት፦ የጀርባውን ፎቶ፣ ልኩን በሴንቲሜትር፣ ጠርዙ ተቆርጦ እንደሆነ፣ የተለጠፈበት ነገር እንዳለ። የጀርባውን ፎቶ የማይልክ ሻጭ ጋ ገንዘብ አትክፈሉ። ልኩ ኤ4 ከሆነም ጠርጥሩ፤ እነዚህ ጋዜጦች ከዚያ ይሰፉ ነበር። ሙሉ ገጽ ኤ4 ላይ ከተቀመጠ ወይ ተቆርጧል ወይ ተቀንሶ ታትሟል።

ሙሉ ጋዜጣ ካገኛችሁ ሙሉውን ግዙ። ማስታወቂያውን ለማውጣትም አትቁረጡት። ይህን የምለው ጠንከር አድርጌ ነው። ገጹ ከጋዜጣው ሲለይ ቀኑን፣ ጎረቤቱን፣ በዚያ ሳምንት ስለዚያው ዘፈን የተጻፈውን ሂስ ሁሉ ያጣል። አንዴ ከተቆረጠ የሚመልሰው የለም።

7. አጠባበቅ

ስኮች አትለጥፉበት። የስኮቹ ሙጫ ከጊዜ በኋላ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ ይሆናል፣ አይለቅም። ላሚኔት ማድረግም ያው ነው፤ ለዘላለም ያሽገዋል፣ አሲዱ ግን ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። የተቀደደ ቦታ ካለ በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይጠገናል፤ ይህን ካልለመዳችሁ ለባለሙያ ተዉት። ትንሽ ቅዳጅ በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ሳይነካ ሲቀመጥ አይብስበትም።

ማስቀመጫው እንዲህ ይሁን። ከኋላ አሲድ የሌለው ካርቶን፣ ከላይ ግልጽ የፖሊስተር ኪስ። ከፒቪሲ የተሠራውን ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ቀለሙን ይስባል። በጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ አጋድሙት። አትጠቅልሉት፣ ተጨማሪ እጥፋትም አታድርጉበት። ሙቀቱ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ ላይ ሙቀቱ ብዙም አያስቸግርም፤ የክረምቱ እርጥበት ግን ሻጋታ ያመጣል፤ ሣጥኑን ከመሬትና ከውጭ ግድግዳ አርቁት። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ አኑሩት፣ ኤሲውም እየጠፋ እየበራ አያስጨንቀው። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጤስበት ክፍል ለማንኛውም ወረቀት አይሆንም።

ግድግዳ ላይ መስቀል ለምትፈልጉ ምክሬ አጭር ነው። ቅጂውን ስቀሉ። በጥሩ ወረቀት የታተመ ስካን ከሁለት ሜትር ርቀት አይለይም። ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም፤ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወትም ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቆመውም።

ይህ አጠባበቅ ለግላም ሮክ ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን አዲስ አበባም የሸክላ ከተማ ነበረች፤ አምሃ እሸቴ ያቋቋመው አምሃ ሬከርድስ ከ1969 ጀምሮ ባለ 45 ዙር ሸክላ ያወጣ ነበር። ቤታችሁ የቆየ አዲስ ዘመን ወይም ከጋዜጣ የተቆረጠ የኮንሰርት ማስታወቂያ ካለ ወረቀቱ ያው ዓይነት ነው፣ በሽታውም ያው ነው፣ አያያዙም ያው።

8. ስካን ማድረግ

ገጹን ስካነር ላይ ስታደርጉ ከጀርባው ጥቁር ካርቶን አስቀምጡ። ብዙ ሰው ነጭ ያደርጋል። የጋዜጣ ወረቀት ስስ ስለሆነ በነጭ ላይ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ዘልቆ ይታያል። ጥቁሩ ብርሃኑን ስለሚውጠው ያ ጥላ ይጠፋል። ምስሉ ትንሽ ይጨልማል፤ እሱን በኋላ ማስተካከል ይቻላል።

በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ)፣ በቀለም፣ በቲፍ (TIFF) ፋይል አስቀምጡ። ገጹ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ይሁን፤ የወረቀቱ ቢጫነትም መረጃ ነው። ነጠብጣብ የሚያጠፋውን የስካነሩን ማስተካከያ ለዋናው ፋይል አትጠቀሙበት። ስካነሩ ካልበቃ ሁለት ጊዜ አንሱና አጋጥሙ፤ መሃል ላይ ጥቂት ጣት ያህል ይደራረብ። ገጹን ለማስገባት ብላችሁ አትጠፉት። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጉ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል መብራት ይኑር፣ ፍላሽ ይጥፋ። ከዚያ ገልብጡና ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ይህ አማራጭ አይደለም።

9. መመዝገብና ማጋራት

ለፋይሉ ስም ስትሰጡ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የጋዜጣው ስም፣ የገጹ ቁጥር፣ ፊት ወይም ጀርባ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ኮምፒውተሩ በራሱ በዘመን ይደረድርላችኋል። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ የዘፋኙን ስም፣ ዘፈኑን፣ ኩባንያውን፣ የሸክላውን ቁጥር፣ የገጹን ልክና ቀኑን በምን እንደለያችሁት ጻፉ። «ከጠርዙ» ወይም «ከጀርባው የኮንሰርት ዝርዝር» ብላችሁ ምክንያቱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ነገ የሚያየው ሰው እንዲያጣራው። በግምት የያዛችሁትን ቀን በግምት መሆኑን ጻፉ። ማስታወሻውን በእርሳስ ካርቶኑ ጀርባ ላይ አድርጉት፤ ገጹ ላይ ምንም አትጻፉ።

ኢንተርኔት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት መብቱን አስቡ። ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ፎቶውና ሥዕሉ ግን አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ የታተመ ገጽ አቀማመጥ ጥበቃው 25 ዓመት ስለሆነ ለእነዚህ አልፏል። ፎቶግራፉና ሥዕሉ ግን በአጠቃላይ ሠሪው ካረፈ 70 ዓመት እስኪሞላ ይጠበቃሉ። ለጥናትና ለውይይት በአነስተኛ ልክ ማሳየትና ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥ አንድ አይደሉም። ለሽያጭ የሚሆን ነገር ካሰባችሁ የመብቱን ባለቤት ፈልጋችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ስታጋሩ የጋዜጣውን ስምና ቀኑን ከምስሉ ጋር አብራችሁ ለጥፉ፤ የጀርባውንም ምስል ጨምሩ።